ጠበል የጠጣችው ሞተርሆም

ልጅ እያለሁ የብርዱ ወራት መድረሱን የሚነግረኝ ካላንደር ሳይሆን አንድ ሽታ ነበር። ኅዳር ገባ ሲል አባዬ፣ ሎረንስቪል ካለው ቤታችን ጎን የቆመችውን አሮጌ ሞተርሆም በሯንም መስኮቷንም ከፋፍቶ ያናፍሳታል። ያኔ የሙቀቱ ወራት ሽታ ሁሉ ተጠራቅሞ ደጃፍ ድረስ ይወጣል፤ የዳቦ ቆሎ፣ የእርጥብ ፎጣ፣ የፀሐይ ቅባት፣ ከምድጃዋ የተረፈ ጋዝ። ያ ሽታ ሲመጣብን እኔና ሁለቱ ታናናሽ ወንድሞቼ የዓመቱ ጉዞ ማብቃቱን እናውቃለን። ቢሆንም አናዝንም ነበር። መኪናዋን ለብርድ ማሰናዳቱ ራሱ ለእኛ እንደ ትንሽ በዓል ነበር።

በእኔ ዕድሜ ያላችሁ፣ እዚህ አትላንታ ያደጋችሁ የሐበሻ ልጆች ታስታውሱ ይሆናል፤ ወላጆቻችን የዕረፍት ቀን ሲያገኙ የሚተኙ እንጂ የሚጓዙ ሰዎች አልነበሩም። አባዬ ብቻ ነበር ለየት ያለው። ኮሌጅ ፓርክ ውስጥ የሆቴል ሚኒባስ ይነዳል፤ ቀኑን ሙሉ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ሆቴሉ፣ ከሆቴሉ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው። ታዲያ ጓደኞቹ «ሳምንቱን ሙሉ ስትነዳ ከርመህ በዕረፍትህ ደግሞ መንዳት?» ብለው ሲስቁበት፣ «ያ የሰው ጉዞ ነው፤ ይሄ የራሴ ነው» ይላቸው ነበር። ሞተርሆሟን ያገኛት ከአንድ ጡረታ ከወጣ ሰው ነው። ከፊት መሪ፣ መሃል ላይ ኩሽና፣ ከኋላ አልጋ፤ ቤትም መኪናም ናት። ቀለሟ በፀሐይ ነጥቷል፣ ዳገት ላይ ታቃስታለች፤ እኛ ግን በእሷ የሚደርስብን ያለ አይመስለንም ነበር።

እኔ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ የምወድበት የራሴ ምክንያት ነበረኝ። ከሾፌሩ ወንበር በላይ፣ ጣራው ሥር፣ አንዲት ጠባብ አልጋ አለች። ትንሽ መስኮትና እማዬ ከአሮጌ ቀሚሷ የሰፋችው መጋረጃ አላት። ቤት ውስጥ የምተኛው ከሁለት ወንድሞቼ ጋር ነው፤ አንደኛው በእንቅልፍ ልቡ ያወራል፣ ሌላኛው ይራገጣል። ያቺ አልጋ ግን የእኔ ብቻ ነበረች። መኪናዋ ቆማም ቢሆን ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ ላይ ወጥቼ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። እዚያ ሆኜ የሚያገኘኝ ሰው አልነበረም፤ ወይም የት እንዳለሁ እያወቁ ዝም ይሉኝ ነበር።

አሥር ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ታዲያ ይህችን አልጋ ላጣት ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አባዬ የጆርጂያን ብርድ ንቆት ነበር። «ይሄ ደግሞ ብርድ ሆነና!» ብሎ መኪናዋን ውሃ እንደያዘች ትቷት ከረመ። መጋቢት ላይ ለመጀመሪያ ጉዞ ፓምፑን ሲያበራው ውሃው ከቧንቧው ሳይሆን ከግድግዳው ወጣ። ለካ ውስጥ ለውስጥ በረዶ ሆኖ ቧንቧዎቹን አፈነዳድቷቸው ኖሯል። የኩሽናው ቁም ሳጥን አብጦ አልዘጋ አለ፣ ምንጣፉ ሸተተ፣ አባዬም የዕረፍት ቀኖቹን ሁሉ በደረቱ ተኝቶ ቧንቧ ሲቀያይር ሰኔ ደረሰ። ሠርቶ ሲጨርስ የተላላጠ እጁን እያየ፣ «በመጪው ብርድም ከፈነዳች እሸጣታለሁ። አለቀ» አለ። አባዬ ቀልደኛ ነው፤ «አለቀ» ካለ ግን ያለቀ ነገር ነው። ቴሌቪዥኑን ለአንድ ወር ሲዘጋብንም ያላት ይህችኑ ቃል ነበር።

ጥቅምቱን በሙሉ ስለ ብርድ ሳስብ ከረምኩ። የአየር ትንበያ የሚከታተል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዓይታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ነበርኩ። ማሰብ ብቻም አይደለም፣ መፍትሔም አገኘሁ። እማዬ ከአገር ቤት አክስቷ ያመጡላት አንድ ጠርሙስ ጠበል ነበራት። ከኩሽናው ቁም ሳጥን ላይኛው መደርደሪያ፣ ከስኳሩ ጀርባ ታስቀምጠዋለች። ትኩሳት ሲይዘን በክዳኗ ለክታ በባዶ ሆዳችን ታጠጣናለች፤ አባዬ አዲስ ሥራ ሲጀምር ጫማው ላይ ሳይቀር ረጭታበታለች። እኔም አሰብኩ፦ ልጅን ከትኩሳት የሚጠብቅ ቧንቧን ከብርድ የማይጠብቅበት ምን ምክንያት አለ? አንድ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ ተኝታ ነበር። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት ስለምትሠራ ቀን ትተኛለች። ወንበር አስጠግቼ ጠርሙሱን አወረድኩ፤ አባዬ ውሃ የሚሞላበትን የመኪናዋን ጎን ከፈትኩና «በስመ አብ» ብዬ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ገለበጥኩት። በማግስቱ ደግሞ ፓምፑን አብርቼ ቧንቧዎቹን በየተራ ትንሽ ትንሽ ከፈትኳቸው፤ ጠበሉ ሁሉም ጋ እንዲዳረስ። ባዶውን ጠርሙስ ቦታው መለስኩ። ከዚያ በኋላ የአየር ትንበያውን ማየት ተውኩ።

ያላወቅኩት ነገር ቢኖር መኪና ለብርድ የምትዘጋጀው መጀመሪያ ውሃዋን በማፍሰስ መሆኑን ነው። ከየት ልወቀው? እኛ ቤት ከዚያ በፊት ከማናፈስ ያለፈ ነገር ተደርጎ አያውቅም። ለአባዬ ያስተማሩት ጎረቤታችን ሚስተር ዋልተር ነበሩ። የራሳቸው ተጎታች ቤት የነበራቸው ሽማግሌ ናቸው፤ የሚሠራውን ሁሉ በተራ በተራ ጽፈው ሰጥተውት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሬዲዮው የዚያኑ ዕለት ማታ ከባድ ውርጭ እንደሚወርድ ሲናገር፣ አባዬ ወረቀቱን በሯ ላይ ለጥፎ ሥራ ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ሥራ ስለሚገባ ቸኩሏል። ፍራሾቹን አቆምን። የተረሳ ሽሮና ብስኩት አወጣን። አይጥ እንዳይገባ ቀዳዳዎቹን በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ወተፍን። ፍሪጇን በሆምጣጤ ወልውለን በሯን ክፍት ተውነው። እኔ እየዘፈንኩ ነበር የምሠራው።

ከዚያ አባዬ በጀርባው ተንጋሎ መኪናዋ ሥር ገባ። ከውጭ የሚታየው ከጉልበቱ በታች ብቻ ነው።

«ማሂ፣ ፒንሳዋን አቀብይኝ» አለ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ውሃውን ላፈሰው ነዋ። አንዲት ጠብታ እንዳትቀር ብለዋል ሚስተር ዋልተር።»

«የት?»

«የት ይሆናል? እዚሁ ድራይቭዌዩ ላይ!»

ድራይቭዌያችን፣ መኪና የምናቆምበት መግቢያ፣ ቁልቁለት ነው፤ የሚፈሰው ወደ መንገዱ ነው፤ መንገዱ ላይ ደግሞ የሰፈሩ ሰው ከነውሻው ይመላለስበታል። እማዬ ኩባያ ውስጥ የቀረችውን የጠበል ጠብታ እንኳ በዕቃ ማጠቢያው አትደፋም። ደጅ ወጥታ፣ ሰው በማይረግጠው ቦታ፣ ጽጌረዳዋ ሥር ታንጠባጥበዋለች። የተደፋ ጠበል የረገጠ ሰው ምን እንደሚሆን ጠይቄያት፣ «አይነገርም» ብላኝ ነበር። አይነገርም ማለት ደግሞ ለልጅ ከተነገረው ሁሉ የባሰ ነው።

«አትክፈተው!» ብዬ ጮህኩ። አባዬ ደንግጦ ጭንቅላቱን ከብረት ጋር አጋጨ። «እባብ ነው?» አለ። አስፋልቱ ላይ ተንበርክኬ፣ አጎንብሼ መኪናዋ ሥር እያየሁት፣ እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኩት። በጀርባው እንደተኛ፣ አንድ እጁን ማፍሰሻው ላይ አድርጎ፣ በሌላኛው ግንባሩን ይዞ አዳመጠኝ።

«ጠርሙሱን ሙሉ?» አለ በመጨረሻ።

«ሙሉውን።»

«እና ይሄ ሃያ ጋሎን ውሃ አሁን...» ብሎ አቋረጠና ለራሱ የሚያወራ በሚመስል ድምፅ፣ አንድ ሊትር ሃያ ጋሎን ውስጥ ገብቶ ምን ይሆናል፣ ቀጥኖ ጠፍቷል አለ። እኔም «ጠበል አይቀጥንም፤ እማዬ ናት ያለችው» አልኩት። ሰዓቱን አየ። እኔን አየ። ከዚያ እጁን ከማፍሰሻው ላይ አንሥቶ እየተንፏቀቀ ወጣና «በይ እናትሽን ቀስቅሺያት» አለኝ።

እማዬ የሰማችውን አላመነችም። ቀጥታ ወደ ኩሽና ሄዳ ጠርሙሱን ዘቅዝቃ ይዛ መጣች። «ለመኪና!» አለች። «እኔ ለሰው በክዳን እየለካሁ፣ አንቺ ለመኪና!» ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ የእኔን ፊት አየች፣ የአባዬን ያበጠ ግንባር አየች፣ የሞተርሆሟ ደረጃ ላይ ቁጭ አለችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስትጨርስ ግን ኮስተር ብላ፣ «አንዲት ጠብታ መንገድ ላይ አትፈስም» አለች። አባዬ ማታ ውርጭ እንደሚወርድ፣ ውሃው ካደረ ቧንቧዎቹ እንደሚፈነዱ ነገራት። እኔ እንደገና ማልቀስ ጀመርኩ። ብትፈነዳ ትሸጣለች፤ ብትፈስ ደግሞ ጠበል ልናስረግጥ ነው። ሁለቱም ደግሞ የእኔ ሥራ ናቸው።

እማዬ ለነፍስ አባታችን ደወለች። አባ ኃይለ ማርያም ቅዳሜ ቅዳሜ ዱሉዝ ያለ መጋዘን ውስጥ ይሠሩ ነበር። ከጀርባቸው የዕቃ ማንሻ መኪና ጢት ጢት ሲል ይሰማል።

«አባታችን ይፍቱኝ፤ ሥራ ላይ አስቸገርኩዎት።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምነው፣ ደህና?»

እማዬ ነገረቻቸው።

«ስንት ጋሎን አልሽኝ?»

«ሃያ ይሆናል አባታችን።»

«በረከት ነዋ!» አሉ። ሳቃቸውን እንደያዙ ያስታውቃል። «የሚፈልግ ሰው ይውሰድ። የተረፈውን ሰው የማይረግጠው ቦታ፣ ዛፍ ሥር አፍስሱት። ልጅቷን ደግሞ አደራ፣ እንዳትቆጧት። ለእኔም አንድ ጋሎን አስቀምጡልኝ፤ ከሥራ ስወጣ ብቅ እላለሁ።»

ዛፉ ያለው ከቤቱ ጀርባ፣ አጥሩ ጥግ ነው። ማፍሰሻው ደግሞ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ ላስቲክ ቢቀጠልበት ውሃው ዳገት አይወጣም። ያለው ምርጫ በሳፋ እየቀዱ፣ ወደ ባልዲ እየገለበጡ መሸከም ብቻ ነው። ያ ደግሞ የአንድ ሰዓት ሥራ አይደለም። አባዬ ትንሽ ቆመና ስልኩን አወጣ። ሥራ ቀርቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ጉንፋን ይዞት እንኳ ይሄዳል። «ሄሎ፣ ዛሬ መምጣት አልችልም፣ ኢመርጀንሲ ነው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። አለቃውም ሐበሻ ስለነበር ምን ሆንክ ብሎ ጠየቀው መሰለኝ። «አይ፣ ሰው አልታመመም። የውሃ ጉዳይ ነው። ብነግርህም አታምነኝም» ብሎ ዘጋው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ፊቴ ይበራል። እማዬ ለማኅበርተኞቿ ደውላ ኖሮ መኪናዎች ይመጡ ጀመር። ጋሽ ተስፋዬና ባለቤታቸው ከዱሉዝ የወተት ጋሎኖች አጥበው መጡ። አንዲት ሴትዮ በችኮላ ሌላ ዕቃ ጠፍቷቸው የአበባ ማስቀመጫ ይዘው መጡ። አባዬ በደረቱ ተኝቶ በሳፋ ይቀዳል፣ ጋሽ ተስፋዬ ይገለብጣሉ፣ እማዬ ታከፋፍላለች። አባዬ ከሥር ሆኖ፣ «የታንከር ውሃ ነው እኮ! ተጠመቁበት እንጂ እንዳትጠጡት፣ ሆድ ይነፋል!» ሲል እማዬ እግሩን በጫማዋ ነካ ታደርገዋለች። ሚስተር ዋልተር ሁኔታውን ከበረንዳቸው ሲያዩ ቆይተው መጡ። የሰው መዓት ባልዲ ይዞ ቀስ እያለ ወደ አንድ ዛፍ ሲሄድ ግራ ገብቷቸዋል። አባዬ ሲያስረዳቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቤታቸው ሄደው ትልቅ ባልዲ ይዘው መጡና ከሰልፉ ገቡ።

ታንከሩ አለቀ ስንል የውሃ ማሞቂያውም ይዟል አሉ ሚስተር ዋልተር። ቧንቧዎቹም እንደዚሁ። አባዬ «እሱ እንኳ ጠበል አልነካውም» ሊል ሲጀምር፣ ዓርብ ዕለት ቧንቧዎቹን እየከፈትኩ ማዳረሴን ተናገርኩ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «ይህቺ ልጅ ኢንጂነር ነው የምትሆነው» አሉ ጋሽ ተስፋዬ። ማሞቂያው ተቀዳ፤ ቧንቧዎቹ በየተራ ተነፍተው የወጣችው ሁሉ ኩባያ ውስጥ ተያዘች። በመጨረሻ አባዬ ፓምፑን አብርቶ ሮዝ ቀለም ያለውን፣ ብርድ የማያረጋውን አንቲፍሪዝ በቧንቧዎቹ ውስጥ ለቀቀው። የእኔ ሥራ ኩሽናው ጋ ቆሜ ቀለሙ ሲመጣ መጮህ ነው። ቧንቧው መጀመሪያ አሳለ፣ ከዚያ አየር ተፋ፣ ከዚያ እንደ ከረሜላ ሮዝ የሆነ ነገር ወረደ። «ሮዝ!» ብዬ ስጮህ ከውጭ ያለው ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አባዬ ከመኪናዋ ሥር ወጣ። ከአንገቱ እስከ ወገቡ በስብሷል፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ለዓመታት «ጠበል ተጠመቅ» ስትለው ነገ ዛሬ እያለ ያመለጣት እማዬ ፎጣ አለበሰችውና «ተመስገን፣ ይሄንንም አየሁ» አለች። «አሁን ደስ አለሽ?» አላት። ደስ ብሏት ነበር። አባ ኃይለ ማርያምም ጋሎናቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ራሴን ዳብሰው ባረኩኝ፤ በረከቱን ሁሉ ያመጣሁት እኔ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ሳሩ ላይ ጨው የተነሰነሰ እስኪመስል ያን ማታ ውርጭ ወረደ። ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ ወረደ። እኔ እስከ መጋቢት ጠበቅኩ። በአንድ ፀሐያማ ቅዳሜ አባዬ ታንከሩን ሞልቶ ፓምፑን ሲያበራ፣ አምስታችንም ኩሽናዋ ውስጥ ተጠጋግተን ትንፋሻችንን ዋጥን። ቧንቧው አሳለ፤ ሮዝ ወረደ፤ ቀስ በቀስ ጠራ። አባዬ መዳፉን ግድግዳው ላይ አድርጎ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው። ደረቅ ነበር። «ትቀመጣለች» አለ። እኔ ቀሪውን ለመስማት አልቆየሁም፤ አልጋዬ ላይ ወጥቼ መጋረጃዬን ዘጋሁ። እታች እማዬ ጠበሉ ነው ስትል፣ አባዬ አንቲፍሪዙ ነው ሲል ይሰማኛል። ይሄው እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

ሞተርሆሟ ኮሌጅ እስክገባ ድረስ አብራን ኖረች፤ ከዚያ ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ወሰዷት። ድሮ ሁሉ ነገር መልካም ነበር ልላችሁ አይደለም። ወላጆቼ ደክሟቸው ነበር፤ እኛም ሦስት ሆነን በአንድ ክፍል ታጭቀን ነበር። ዛሬ ዱሉዝ ያለው ቤቴ ሰፊ ነው፤ ልጄም የራሷ ክፍል አላት። ቧንቧ ሲበላሽ ስልኬን ነካ ነካ አደርጋለሁ፣ የማላውቀው ሰው መጥቶ ሠርቶልኝ ይሄዳል። ጎረቤቶቼ የእኔን ባልዲ አይተውት አያውቁም፤ እኔም የእነሱን አላየሁም። ደህና ነኝ፤ ብቻ አንዳንዴ ያ የባልዲ ሰልፍ ትዝ ይለኛል።

ባለፈው እሁድ አባዬ ቤቴ መጥቶ ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ወሬ ይወዳል። እኔ ኩሽና ውስጥ ኮምፒውተሬን ከፍቼ፣ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ እናወራለን። ሬዲዮ ላይ ስለ ውርጭ ሲነገር ያቺ ቅዳሜ ተነሣችና፣ እስከ ዛሬ ጠይቄው የማላውቀውን ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ እውነት ግን ጠበል ነው ብለህ አምነህ ነበር?»

«እኔ? ኧረ ከፍቼው ሥራዬ ልሄድ ነበር» አለ እየሳቀ። «እጄ እኮ ላዩ ላይ ነበር።»

«ታዲያ ምን አቆመህ?»

«ተንበርክከሽ እያየሽኝ?» አለ። «ያ ዓይንሽ እያየኝ እንዴት አድርጌ ነው የምከፍተው?»

ልጄ ከሳሎኑ አንድ ነገር ላሳይሽ እያለች መጥራት ከጀመረች ቆይታ ነበር፤ እኔም እንደ ልማዴ ኮምፒውተሬ ላይ እንደተተከልኩ «አንዴ ቆይ» እያልኳት ነበር። ኮምፒውተሩን ዘጋሁትና ተነሥቼ ወደ እሷ ሄድኩ።